ስሙ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ወንድምሽ ደውሎ ስም መምረጣችሁን ነገረኝ። ወንድ ከሆነ ሮናልዶ፣ ሴት ከሆነች ቢዮንሴ። ባልሽ ኳሱን፣ አንቺ ዘፈኑን ተካፍላችኋል ማለት ነው። ደስታችሁ ይገባኛል። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የልደት መዝገብ ላይ የሰው ስም ስጽፍ መኖሬን ታውቂያለሽና ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አጠገብሽ ሆኜ፣ እግርሽን እያሸሁ ቀስ ብዬ ባጫውትሽ እንዴት በወደድኩ፤ አለመሆኑ ይቆጨኛል። እንግዲህ በወረቀት ስሚኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አንዱን ነገር አስቀድሜ ልበልሽ፤ ኋላም እደጋግመዋለሁ፣ አትሰልቺ። ባለስሙን ከሐሳብሽ አንሺና ስሙን ብቻውን ጥሪው። ያ ዝነኛ ሰው ጨርሶ ባይወለድ ኖሮ ይህን ስም ለልጄ አወጣው ነበር ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ስሙን ውሰጂው፣ እኔም እመርቅልሻለሁ። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ግን ተይው።

ከባልሽ ምርጫ ልጀምር። ሰውየው ሙሉ ስሙ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ዶስ ሳንቶስ አቬሮ ነው። ሮናልዶ የቤተሰብ ስሙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፣ ሁለተኛ መጠሪያው ነው። በ1985 ሲወለድ ሮናልዶ የተባለውም አባቱ በተዋናይነቱ ይወዱት ለነበረው ለሮናልድ ሬገን መታሰቢያ ነው። ሬገን ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ስለዚህ ባልሽ የሚሰግድለት ስም ራሱ ከዝነኛ የተወሰደ ነው። ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የኛም ልጅ ባለስሙን ያስረሳል» ብሎ ሊከራከርሽ ነው። ንገሪው፤ ሮናልድ ከሬገን በፊት ብዙ ሺህ ሰዎች የሚጠሩበት ተራ ስም ነበር፣ ሮናልዶም በፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እንደዚያው የተለመደ ነው። ኳሱ ውስጥ እንኳ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ 8 ጎል ያገባው ብራዚላዊው ሮናልዶ ቀድሞት ነበር። ስሙ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ስላልነበረ ነው ልጁ የራሱ ሊያደርገው የቻለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሮናልዶ ብቻውን ከሆነ አያስነውርም፤ ሊቆም ይችላል። «ክርስቲያኖ ሮናልዶ» ብሎ ሁለቱን ማጣመር ግን ልጁን ቅጂ ማድረግ ነው። ይህን እንዳትፈቅጂለት፤ እንዳትፈቅጂለት።

ቢዮንሴ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ መጠሪያ ከእናቷ የቤተሰብ ስም የመጣ ነው። የዚያ ቤተሰብ ልጆች የልደት ወረቀት ላይ ስሙ አንዱ ጋ እንዲህ፣ ሌላው ጋ እንዲያ ተጽፎ ስለነበር ወንድማማቾቹ እንኳ አንድ ዓይነት አጻጻፍ የላቸውም። ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው ስም የአንድ መዝገብ ጸሐፊ እጅ ያለበት ነው፣ እኔም በሥራዬ ምክንያት ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል። ግን ተመልከቺ፤ የናት ስም ሆኖ ለልጅ ሲተላለፍ ቤተሰቡን ይዞ ነው የሄደው። አንቺ ስትወስጂው የምትይዢው ዘፋኟን ብቻ ነው። ባለስሟን አንሺና ስሙን ጥሪው፤ ምን ይቀራል? ምንም። አንድ ሰው ብቻ ያለው ስም ነውና ልጅሽ በሄደችበት ሁሉ ከራሷ በፊት ሌላ ሴት ትገባለች።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው መውጫ አለ። ዝነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሰው የማያውቀው ሌላ መጠሪያ አለው። የቢዮንሴ ሁለተኛ ስም ጂዘል ነው። ሪሃና የመጀመሪያ ስሟ ሮቢን ነው፤ ሪሃና ሁለተኛው ነው። ፔሌ ኤድሰን ነው፣ ያውም ለፈጠራ ሰው ለቶማስ ኤዲሰን መታሰቢያ የወጣለት። ሜሲ የቤተሰብ ስም ነው፤ መጠሪያው ሊዮኔል ነው። መሐመድ አሊ እስከ 1964 ድረስ ካሲየስ ክሌይ ነበር። ፍቅራችሁ የምር ከሆነ ይህን ጸጥ ያለውን ስም ውሰዱ። የምታውቁ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ልጁ ሲያድግ ታሪኩን ትነግሩታላችሁ፤ መንገደኛው ግን ስሙን ሲሰማ ልጁን ያያል። ሁለተኛ መጠሪያ በሚፈቀድበት አገር ደግሞ ዋናውን የራሱን ስም አድርጋችሁ የዝነኛውን ከኋላ ማስቀመጥ ይቻላል። ልጁ ሲጎለምስ ከፈለገ ያወጣዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል።

በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሁሉም ይበልጥ ያሰጋኛል፤ የሰውየው ታሪክ ገና አላለቀምና። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ውድድር አሸነፈ ተባለ። በ2012 በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሰባቱንም ተነጠቀ። በእነዚያ የድል ዓመታት በእሱ ስም የተጠሩ ልጆች ነገሩ ሲፈነዳ ከ7 እስከ 13 ዓመት ይሆናቸዋል፤ ልጅ ለልጅ በሚሳለቅበት ዕድሜ ማለት ነው። ደግነቱ ላንስ የቆየ ስም ስለሆነ መጠጊያ አለው። መጠጊያ የሌለው ምን እንደሚሆን ደግሞ ከካሊሲ እይ። ከቴሌቪዥን ድራማ የተወሰደ ነው፤ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 560 ሴት ሕፃናት ይህን ስም አገኙ። በ2019 ድራማው ሲያልቅ ገጸ ባሕርይዋ ከተማ ከነሕዝቡ አቃጠለች። ስሙን ሲመርጡ መጨረሻውን ያዩ ወላጆች አልነበሩም፤ እንዴት ያያሉ?

ደግሞ ክፉ ሳይሠራም የሚበላሽ አለ። አሌክሳ ብዙ የሚወደድ የሴት ስም ነበር፤ በ2014 መጨረሻ አማዞን የሚያናግሩትን ድምፅ ማጉያ በዚህ ስም ገበያ ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን በትእዛዝ ቃል እየጠሩ የሚያላግጡባቸው በዙ፣ ስሙም ወረደ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበርና ወላጆቹን አልወቅስም። አንቺን ግን እወቅሳለሁ፣ ምክንያቱም የመረጥሽው ስም ባለቤት ከወዲሁ ይታወቃል።

በነገራችን ላይ የብረት እንክብልሽን ከሻይና ከቡና ጋር አትዋጪ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ራስ ምታት ከበረታብሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ወይም ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ «ነገ እሄዳለሁ» እንዳትይ፤ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ። ሰማሽ?

አሁን የኬቨንን ታሪክ ልንገርሽ፤ ረዘም ቢልም ሳልነግርሽ አላልፍም። ኬቨን የአየርላንድ ስም ነው፣ በስሙ የሚጠራ ቅዱስ ያለው፣ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ። በ1990 መጨረሻ ቤተሰቡ ረስቶት ለገና ብቻውን ቤት የቀረ ትንሽ ልጅ ፊልም ወጣ፤ የልጁ ስም ኬቨን ነበር። ኬቨን ኮስትነር የሚባለው ተዋናይም በዚያው ሰሞን ዝናው ጣራ ነክቶ ነበር። ሁለቱ ተደራርበው ጀርመን ውስጥ በ1991 ኬቨን ከወንድ ስሞች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ፈረንሳይም እንደዚያው ጎረፈ። ማዕበሉ ሲያልፍ ምን ተረፈ መሰለሽ? ስሙ ራሱ ሳይሆን ስሙን ስላወጡት ሰዎች የሚነገር ወሬ። «ቴሌቪዥን ያየውን የሚቀዳ ቤተሰብ ልጅ» የሚል ንቀት። በ2009 በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ስለ ተማሪ ስሞች የጠየቀ ጥናት ወጣ፤ መምህራኑ ኬቨን የሚል ስም ሲያዩ ልጁን ሳያውቁት ሰነፍና ረባሽ ይሆናል ብለው መጠበቃቸው ተገለጠ። አንዱ መምህር «ኬቨን ስም አይደለም፣ የበሽታ ምርመራ ውጤት ነው» ብሎ ጻፈ። አስቢው ልጄ፤ ገና ክፍል ገብቶ ወንበር ያልያዘ ሕፃን ነው። የቅዱስ ስም ነው። ምን አጠፋ? ይህን ባነሳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። መምህራኑ ማፈር አለባቸው፣ ይህ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የእነሱ ማፈር ለልጁ ውጤት አይጨምርለትም። አንቺ ልጅሽን የምትልኪው እንደዚህ ያሉ ሰዎችም ወዳሉበት ዓለም ነው።

እንግዲህ ማዕበሉን አስቀድመሽ ማየት ትችያለሽ፣ መሣሪያው አለ። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ1880 ጀምሮ ያሉ ስሞችን በየዓመቱ ይዘረዝራል፤ በዓመቱ ቢያንስ 5 ሕፃናት ያገኙት ስም ሁሉ አለበት። የእንግሊዝና የዌልስ ዝርዝር ከ3 ሕፃናት ጀምሮ ያወጣል። ስሙን አስገቢና መስመሩን እይ። ዝነኛው ብቅ ካለበት ዓመት በፊትም መስመሩ ካለ ስሙ የራሱ እግር አለው። ባዶ ቆይቶ ዝነኛው በተነሣበት ዓመት ብቻ ተተኩሶ የወጣ ከሆነ ከእሱ ጋር ይወርዳል። ሺርሊ በ1935 እና በ1936 ሺርሊ ቴምፕል በምትባል ሕፃን ተዋናይ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛው የሴት ስም ነበር፤ ዛሬ ስሙን ሲሰሙ የሚታያቸው አሮጊት ናት። ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስም ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ ከዝነኛው በፊት የተወለዱ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ባለስሞች ፈልጊ። ሦስት ካገኘሽ ጥሩ ነው። ለቢዮንሴ ፈልጊልኝ እስቲ።

ከዚያ ሰው ጠይቂ። ስም ልታወጪ መሆንሽን ሳትናገሪ ለአምስት ሰው ስሙን ብቻ ጥሪና መጀመሪያ ምን እንደመጣባቸው ስሚ፤ ሁለት አዛውንት፣ ሁለት ጎረምሳ፣ አንድ አስተማሪ። ጓደኞችሽን አትጠይቂ፣ አንቺን ለማስደሰት ይመልሱልሻል። አራቱ ዝነኛውን ከጠሩ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ መልስ ይሰማል። ቀጥሎ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አጣምረሽ ጮክ ብለሽ ጥሪው፣ ሐኪም ቤት ተራ ሲደርስ እንደሚጣራው። አንዳንዴ ለብቻው ምንም የማይል ስም ከአባት ስም ጋር ሲገጥም የታወቀ ሰው ሙሉ ስም ሆኖ ይወጣል፤ ይህን መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚያስተውሉ ብዙ ናቸው። ባለስሙን አንሺ ያልኩሽ እዚህም ይሠራል፤ የአባቱ ስም ባለስሙን መልሶ እንዳያመጣው።

የመዝገቡን ጉዳይ ከሌላ ሰው በተሻለ አውቀዋለሁና በደንብ ስሚኝ። በመጀመሪያ፣ መዝጋቢው እምቢ ሊል እንደሚችል አትርሺ። የሜክሲኮዋ ሶኖራ ግዛት በ2014 ልጅን ለማላገጫ ያጋልጣሉ ያለቻቸውን 61 ስሞች ከልክላለች፤ ፌስቡክ፣ ራምቦና ሄርሚዮን ከመካከላቸው ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ዳቦ ላይ በሚቀባው ቸኮሌት ስም ኑቴላ ተብላ ልትጠራ የነበረች ሕፃን በፍርድ ቤት ውሳኔ ኤላ ተብላለች። ስለዚህ ተለዋጭ ስም ሳይዙ መዝገብ ቤት መሄድ ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ፊደል ነው። ከውጭ የመጣ ስም በእኛ ፊደል አንድ አጻጻፍ የለውም። የልደት ወረቀቱ ላይ ቢዮንሴ፣ የክትባት ካርዱ ላይ ቤዮንሴ፣ ትምህርት ቤት ቢያንሴ ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ ፋይሉም «አልተገኘም» ይላል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፓስፖርት ላይ ከፎቶው ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። ለስም የተተወው 39 ነው፤ የቤተሰብ ስምም፣ መጠሪያም፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እዚያው ውስጥ መግባት አለባቸው። የፈረንጅ ስም ላይ ያሉ ጭረቶችና ነጥቦች እዚያ አይታተሙም፣ አፖስትሮፍ የምትባለው በፊደሎች መካከል ከላይ የምትገባ ምልክትም ትጣላለች። ስለዚህ ፊደሉን በሁለቱም አጻጻፍ ቤት ውስጥ ወስኑ፤ በትልልቁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ጸሐፊዋ በአፍ ሰምታ እንድትጽፍ አትተዉ፣ ወረቀቱን አሳይዋት። ሰርተፍኬቱ ሲታተም ከመስኮቱ ሳትርቂ ፊደል በፊደል አንብቢው። እዚያው ሲታረም ቀላል ነው፤ ቤት ከገባ በኋላ ማመልከቻ ነው፣ ማስረጃ ነው፣ በብዙ አገር ፍርድ ቤት ነው።

ስም ማረም ምን ያህል እንደሚጎትት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1929 ማይክል ተብሎ የተወለደ ልጅ ነበር። ፓስተር አባቱ በ1934 ጀርመን ሄደው ማርቲን ሉተር የኖረበትን አገር አዩ፣ ተመልሰው የራሳቸውንም የልጃቸውንም ስም ማርቲን ሉተር አሉት። ሰው ሁሉ በዚሁ ሲጠራው ኖሮ የልደት ወረቀቱ የተስተካከለው በ1957 ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ያኔ 28 ዓመቱ ነበር፣ በአገሩ የታወቀ መሪ ሆኖ ነበር። ይህን ለፊደሉ ብዬ ጀመርኩት፣ ግን ሌላም ነገር ያሳይሻል። አባትየው የታላቅ ሰው ስም ወሰዱ፤ እኔም የታላቅ ሰው ስም አይወሰድ አላልኩሽም። የወሰዱት ከሞተ 388 ዓመት ያለፈውን ሰው ነው፤ ያደረገው ሁሉ ታውቋል። ማርቲን ደግሞ ያለ ሉተርም ማርቲን ነው።

ልጅሽ ሲያድግ ስሙ ሥራም ላይ ይከተለዋል። በኢንተርኔት ስሙን የፈለገ ቀጣሪ የሚያገኘው ኳስ ተጫዋቹን ነው። የማኅበራዊ ድረ ገጽ አካውንት ሲከፍት «የሌላ ሰው ማንነት ተጠቅመሃል» ተብሎ ሊታገድ ይችላል። በስሙ ንግድ ልክፈት ቢልም ቀላል አይሆንም፤ ካይሊ ጄነር ካይሊ የሚለውን ስም አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት ልታደርግ ስትሞክር የዘፋኟ የካይሊ ሚኖግ ወገን ተቃውሞ አቀረበ፣ በ2017 ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። ያቺ ራሷ ዝነኛ ናት፣ ጠበቃ የሞላት ናት። ልጅሽስ?

ሁለተኛ ልጅም ይመጣል፣ ፈጣሪ ከፈቀደ። የመጀመሪያው ሮናልዶ ከተባለ ለሚቀጥለው ወንድ ሰው ሁሉ «ሜሲ በሉት» ይላችኋል፤ ወንድማማቾችን ከማኅፀን ጀምሮ ተፎካካሪ አታድርጊብኝ። የቁልምጫ ስምም ከወዲሁ አስቢ፤ ካላሰብሽ ሰፈርና ትምህርት ቤት ያወጡለታል፣ የእነሱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ዝነኛው ይመለሳል።

ባልሽን በቁጣ አታነጋግሪው። ደህና ሰው ነው፣ ልጁን ከወዲሁ የሚወድ አባት ነው። ሮናልዶን ለምን እንደሚወደው ጠይቂው። ትጋቱን፣ ልምምዱን፣ አለመሸነፉን ነው የሚልሽ፣ አውቀዋለሁ። ይህን ልጁን ኳስ ሜዳ ይዞት እየሄደ ያሳየው፤ ስም ሆኖ ሲጫንበት ግን የሳታት ኳስ ሁሉ መሳለቂያ ትሆናለች። ሊስማማ ካልቻለ ሮናልዶ ሁለተኛ መጠሪያ ይሁን፣ ወይም ለብቻው ይሁን። ክርስቲያኖን ከጎኑ እንዳትደርቢ። ቢዮንሴን ግን ተይልኝ ልጄ። ጂዘል ካልሽኝ ደስ ብሎኝ እጠራታለሁ። ሌላም ካገኘሽ ባለስሟን አንሥተሽ ጥሪው፣ ደግመሽ ጥሪው፤ ደስ ካለሽ እሱ ነው።

እስከ መውለጃሽ ጊዜ አለ፤ አትጨነቂበት፣ ግን አታሳድሪው። የወንድ አንድ፣ የሴት አንድ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ተለዋጭ፣ አራት ስም በእኛ ፊደልና በላቲን ጽፈሽ ከአባቱ ስም ጋር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ፊደሉን እኔ አየዋለሁ። ወንድምሽ በመጪው ሳምንት ሲመጣ ሁለት ወፍራም ጋቢና የሕፃን ልብስ እልክልሻለሁ፤ ልብሱን ሳታጥቢ እንዳታለብሺው።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ።

እናትሽ